የባሕር ሣርን በገንዳ ለማሳደግ የትኛው ደለል ይሻላል? አሸዋ፣ ጭቃ ወይስ ቅልቅል

የባሕር ሣር በገንዳ ለማሳደግ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን ለመብራት፣ ለፓምፕና ለጨው ያውላል። ደለሉ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ካሉት ከረጢቶች ነጣ ብሎ ዓይን የገባው ይገዛል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። መብራት በማግስቱ ይቀየራል፤ ፓምፕም ይተካል። ሣሩ ሥር የሰደደበትን ደለል ግን ሣሩን ሳትነቅሉ መቀየር አትችሉም።

የባሕር ሣር አልጌ አይደለም። ሥር፣ ግንድና ቅጠል ያለው፣ ውሃ ውስጥ አብቦ ዘር የሚሰጥ ተክል ነው። አልጌ የሚፈልገውን ሁሉ ከውሃው ይወስዳል። የባሕር ሣር በቅጠሉም በሥሩም ይመገባል፤ ውሃው ጥርት ባለበት ቦታ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በብዛት የሚያገኘው በደለሉ ቅንጣቶች መካከል ከታቆረው ውሃ ነው። ስለዚህ ደለሉን ስትመርጡ ተክሉ የሚበላውን እየመረጣችሁ ነው። የሚመርዘውም የሚመጣው ከዚያው ከደለሉ ነው። ዝቅ ብላችሁ እንደምታዩት፣ የዚህ መመሪያ ፍርድ በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ በደሃ ደለል ላይ የተራበን ሣር መመገብ ይቻላል፤ በሰባ ጭቃ ውስጥ የተመረዘን ሣር ማዳን ግን እጅግ ከባድ ነው። ስትጠራጠሩ ወደ ደሃው አዘንብሉ።

መጀመሪያ ተክሉን እወቁ

በእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ በኤላት የሚኖር ሰው ቅርቡ ያለው ዝርያ ሃሎፊላ ስቲፑላሴያ ነው። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ በስፋት የሚበቅለው እሱ ነው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ርዝመታቸው እስከ 6 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ሥሩም ጥልቅ አይሄድም። የሙት ባሕርና የአራባ ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ዝርያ ከባሕር ርቀው በረሃ ውስጥ በተተከሉ ገንዳዎች እያሳደጉ ያጠኑታል፤ በገንዳ መኖር እንደሚችል አያጠራጥርም። በኤምሬትስ፣ በኳታርና በባሕሬን ዳርቻ ያሉት ዋነኛ ዝርያዎች ሦስት ናቸው፦ ሃሎዱሌ ዩኒነርቪስ፣ ሃሎፊላ ስቲፑላሴያና ሃሎፊላ ኦቫሊስ። በአቡ ዳቢ ባሕር ያሉት 3,000 ያህል ዱጎንጎች (ሣር የሚበሉ ግዙፍ የባሕር አጥቢ እንስሳት) የሚግጡት እነዚህን ነው። በአሜሪካ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩት ደግሞ ዋናው ተክል ዞስተራ ማሪና ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ረጅም ሲሆን ሙቀት አይወድም፤ ውሃው ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል። ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን የሚመጣው ታላሲያ ቴስቱዲነም ወፍራም ራይዞምና ጥልቅ ሥር አለው፤ በዝግታ ያድጋል፤ ትልቅ ገንዳም ይፈልጋል። (ራይዞም የምለው በደለሉ ውስጥ ወደ ጎን የሚሳበውን ግንድ ነው። ሥሩም ቅጠሉም የሚወጡት ከእሱ ነው።)

ከእነዚህ አንዳቸውንም ከባሕር ከመንቀላችሁ በፊት ያላችሁበት አገር ሕግ የሚጠይቀውን ፈቃድ አውጡ። በብዙ ቦታ የባሕር ሣር ጥበቃ የሚደረግለት ተክል ነው። ማዕበል ነቅሎ ወደ ዳር የጣለው እንኳ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

ከምግቡ በፊት መርዙ

አማራጮቹን ለማወዳደር አንድ ሂደት መረዳት ግድ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 2.7 ግራም ገደማ ሰልፌት አለው። ኦክስጅን በማይደርስበት ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ ነገር ሲያብላሉ በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌቱን ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ያ የገማ እንቁላል ሽታ። ለሣሩ መርዝ ነው። ጨው በሌለው ውሃ የዓሣ ገንዳ የሚያለሙ ሰዎች ከታች አፈር አንጥፈው ከላይ አሸዋ ያለብሳሉ፤ ተክላቸውም ይፋፋል። እዚያ ሰልፌቱ ጥቂት ስለሆነ ይሠራል። ያንኑ ልማድ ወደ ባሕር ውሃ ማምጣት ግን ሣሩን ከሥሩ መግደል ነው።

ተክሉ መከላከያ አለው። ቀን ላይ ቅጠሉ የሚያመርተው ኦክስጅን በግንዱ ውስጥ ባሉ የአየር ቦዮች ወርዶ በሥሩ በኩል ወደ ደለሉ ይወጣል። በሥሩ ዙሪያ ኦክስጅን ያለበት ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሰልፋይዱም እዚያ ሲደርስ ይከሽፋል። ሌሊት ግን ቅጠሉ ኦክስጅን አያመርትም፤ ወደ ሥሩ የሚወርደው ከውሃው የገባው ብቻ ነው። በሞቀ ሌሊት የገንዳው ውሃ ኦክስጅን ከወረደ ሰልፋይዱ በሥሩ ገብቶ ቅጠሉ እስከሚበቅልበት ለጋ ክፍል ይደርሳል። በፍሎሪዳ ቤይ ከ1987 ጀምሮ ሰፊ የታላሲያ መስክ ሲሞት ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። በገንዳም ያው ነው፤ ሌሊት ፓምፕ የሚያጠፋ ሰው የትኛውንም ደለል ቢመርጥ አይጠቅመውም።

ሁለተኛው መከላከያ ብረት ነው። ደለሉ ውስጥ ብረት ካለ ሰልፋይዱን ይዞ ጥቁር ብረት ሰልፋይድ ያደርገዋል። በመስታወቱ በኩል ሲታይ ከላይ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ቢጫ፣ ከታች ጥቁር ሽፋን የሚታየው ለዚህ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ጥቁሩን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ጥቁሩ ሰልፋይዱ መታሰሩን ነው የሚናገረው። ይልቅ የሚያስፈራው ነጭ ደለል ሆኖ ሳለ ስትነኩት የሚገማው ነው፤ እዚያ ሰልፋይዱን የሚይዝ ብረት የለም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ውሃ ውስጥ እንደልቡ ይንሸራሸራል።

የኮራልና የአራጎናይት አሸዋ

ይህ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ አሸዋ ነው፤ የዛጎል፣ የኮራልና የኖራ ድንጋይ ዘመድ። በባሕር ውሃ ገንዳ ሱቆች በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይወደዳል። በኤምሬትስ፣ በኳታርና በባሕሬን ባሕር ዳር ያለው አሸዋም በአብዛኛው የዚሁ ዓይነት ስለሆነ ሃሎዱሌና ሃሎፊላ በዱር የለመዱት ቤት ነው።

ጥቅሙ ንጹህ መሆኑ ነው፤ ከከረጢቱ ሲወጣ የሚበሰብስ ነገር የለበትም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፎስፌት (ተክሉ ፎስፈረስ የሚያገኝበት ውህድ) በካርቦኔት ቅንጣቶች ላይ ይጣበቃል፤ ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር የሚጣበቅበት ገጽ ይሰፋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ደለል ላይ ያለ ሣር ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፎስፈረስ ነው። በፍሎሪዳ ቤይ በ1980ዎቹ የተደረገ አንድ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ በባሕሩ ውስጥ ለወፎች ማረፊያ እንጨቶች ተተከሉ፤ ከእንጨቶቹ ሥር የወፍ ኩስ የወደቀበት ሣር ከአካባቢው ተለይቶ ፋፋ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ፈጣኑ ሃሎዱሌ ታላሲያውን እየተካ መጣ። ኖራማው ደለል የሸሸገባቸውን ፎስፈረስ ወፎቹ ናቸው የመለሱት። ሁለተኛው ችግር የብረት ማነስ ነው። መጀመሪያ ንጹህ ስለሆነ ሰልፋይድ የለውም፤ የሞቱ ቅጠሎችና የዓሣ ምግብ ትርፍራፊ ከተጠራቀመበት በኋላ ግን የሚይዝለት ብረት የለም።

መካከለኛ ደቃቅ፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ያለውን ግዙ። አንድና ሁለት ሚሊሜትር የሆነው ጠጠር ለኮራል ገንዳ ያምራል፤ የሃሎፊላን ቀጭን ሥር ግን አይዝለትም፤ ፍርፋሪም ወደ ውስጥ እየገባ ይበሰብስበታል። ዱቄት የሚመስለውም አይሆንም፤ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ውሃውን ወተት ያስመስለዋል።

የኳርትዝ አሸዋ

የወንዝ አሸዋ፣ የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ አሸዋ፣ የልጆች መጫወቻ አሸዋ፣ አብዛኛው ይህ ነው። ርካሽ ነው፤ ፎስፌትን እንደ ካርቦኔት አያጣብቅም፤ ለሥር ይመቻል። የቨርጂኒያ የባሕር ዳር ወሽመጦች አሸዋም ይህ ነው። እዚያ ከ1999 ጀምሮ ከ70 ሚሊዮን በላይ የዞስተራ ዘር ተዘርቶ 3,600 ሄክታር ገደማ የባሕር ሣር መስክ ተመልሷል። ከዘር የሚጀምር የቨርጂኒያ ወይም የሜሪላንድ ሰው ሌላ መፈለግ የለበትም።

እዚህ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ነው። የታጠበ የኳርትዝ አሸዋ ውስጥ አሞኒየም፣ ማለትም ሥሩ የሚወስደው የናይትሮጅን ዓይነት፣ የለም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያዎቹና ትሎቹ ገብተው እስኪለምዱ ሣሩ በራይዞሙ በተከማቸው ስንቅ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ቢያጥር ተስፋ አትቁረጡ። በአላስካ ኢዘምቤክ ላጉን የተጠናው ዞስተራ አሞኒየም በበዛበት ደለል ረጃጅም ቅጠልና የተራራቀ ቡቃያ፣ ባነሰበት ደግሞ አጫጭር ቅጠልና የተጠጋጋ ቡቃያ ነበረው። አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሣር የደሃ ደለል መልክ ነው፤ የበሽታ ምልክት ተብሎ መወሰድ የለበትም።

አሸዋ ስትመርጡ ቀለሙን እዩ። በጣም ነጩ በፋብሪካ ታጥቦ ብረቱን ያጣ ነው። ቢጫና ቡናማ የሆነው ቅንጣቶቹ በብረት ኦክሳይድ የተሸፈኑ ስለሆነ ሰልፋይድን ለመያዝ ይረዳል። ለዓይን ነጩ ቢያምርም ለሣሩ ቢጫውን እመርጣለሁ። የኳርትዝ አሸዋ የተሠራበትን ሲሊካ እየለቀቀ ቡናማ አልጌ ያመጣል የሚለው ፍርሃትም የተጋነነ ነው፤ ኳርትዝ በባሕር ውሃ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ነው። አዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ሽፋን በማንኛውም አሸዋ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል።

ከባሕር የመጣ ጭቃ

ሣሩ ከበቀለበት ቦታ የመጣ ጭቃ ምግቡም፣ ባክቴሪያውም፣ ትላትሉም አብሮት ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከሁሉም የበለጠ እድገት የሚያሳየው እሱ ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ባሕር ውስጥ ጭቃው በሞገድ ይታጠባል፣ በትልና በሸርጣን ይቆፈራል፣ ከላዩም የማያልቅ ውሃ ያልፋል። ገንዳ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ኦክስጅን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ቋጥሮ የሰብሉን ሥር ሲያፍነው ያየ ገበሬ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በዓለም ዙሪያ የባሕር ሣር የሚበቅልባቸው ደለሎች ሲታዩ የበሰበሰ ቁስ ድርሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ በታች ነው። ከዚያ የሰባ ጭቃ በገንዳ ውስጥ አልመክርም። በተጨማሪ ጭቃ ሥርን አጥብቆ አይዝም፤ አዲስ የተተከለ ቡቃያ ውሃው ትንሽ ሲገፋው ተነቅሎ ይንሳፈፋል።

ለጭቃ የሚከራከር አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፣ እሱንም መናገር ይገባል። በ1997 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ዞስተራ ማሪና በውሃው ውስጥ ባለ አሞኒየም እንደሚመረዝ አሳይቷል፦ በሊትር 125 ማይክሮሞል ሲሆን ተክሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ መበስበስ ጀመረ፤ 25 ማይክሮሞል እንኳ ጎድቶታል። ጉዳቱ የከፋው ደግሞ በአሸዋ ላይ በተተከሉት እና ውሃው በሞቀበት ጊዜ ነበር፤ በጭቃ ላይ የነበሩት ይበልጥ ተቋቋሙት። 25 ማይክሮሞል በዓሣ ገንዳ መመርመሪያ ቋንቋ በሊትር 0.45 ሚሊግራም አሞኒየም ገደማ ነው፤ ብዙ ዓሣ የሚመገብበት ገንዳ በቀላሉ ይደርስበታል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት በአሸዋ ላይ የሚተክል ሰው ዓሣውን መቀነስ እንዳለበት ነው። ዓሣ ማብዛት የፈለገ ሰው ጭቃ ቢያስገባም መርዙን ከላይ ወደ ታች ቢያዛውር እንጂ አያመልጠውም።

ጭቃ የምትጠቀሙ ከሆነ አብረው ለሚመጡት እንስሳት ትኩረት ስጡ። ሸርጣንና ትልልቅ ቆፋሪ ትሎች ለጋ ቡቃያ ይነቅላሉ ወይም ይቀብራሉ። በአንጻሩ ሉሲኒድ የሚባሉት ባለ ሁለት ቅርፊት ትናንሽ ዛጎሎች ከመጡ አትልቀሟቸው። በአካላቸው ውስጥ ሰልፋይድን የሚያቃጥሉ ባክቴሪያዎች አሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ዞስተራ ኖልቴን ከእነዚህ ዛጎሎች ጋር በገንዳ አሳድጎ ሰልፋይዱ ሲቀንስና ሣሩ ሲፋፋ አሳይቷል።

ቅልቅል

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ከአምስት እጅ አራቱ ደቃቅ አሸዋ፣ አንዱ ሣሩ ከበቀለበት አካባቢ የመጣ ጭቃ። ጭቃው ባክቴሪያውንና ጥቂት ምግብ ያመጣል፣ አሸዋው ውሃ እንዲዘልቅ ያደርጋል፣ ሥሩንም ይይዛል። አሸዋው ካርቦኔት ይሁን ኳርትዝ በተክሉ ትውልድ ቦታ ወስኑ። ለአቃባ ሃሎፊላ ሁለቱንም እኩል መደባለቅ ይቻላል፤ በኤላት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ደለል ራሱ ከተራሮቹ በጎርፍ የወረደ ጥቁርና ቢጫ አሸዋ ከኮራል ፍርፋሪ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገኘው።

ጭቃውን ከመቀላቀላችሁ በፊት በሁለት ሚሊሜትር ወንፊት በባሕር ውሃ አሳልፉት፤ የቅጠል ስብርባሪ፣ የሞተ ሥርና እንስሳ ይቀርላችኋል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ከአሸዋው ጋር በእጅ እሹት። እፍኝ ስትጨብጡት ቅርጽ የሚይዝ፣ በጣት ስትነኩት ግን የሚፈርስ መሆን አለበት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጨምሩ።

ጭቃ ማግኘት የማይችል፣ ለምሳሌ ከባሕር ርቆ የሚኖርና በጨው ቅልቅል ውሃ የሚሠራ ሰው፣ ከሌላ ጤነኛ የባሕር ውሃ ገንዳ ሁለት እፍኝ የቆየ አሸዋ ለምኖ ይደባልቅ። ምግብ ባይጨምርም ሕይወቱን ያስገባል። ምግቡን ቀስ ብሎ በሚሟሟ የማዳበሪያ ፍሬ መጨመር ይቻላል፤ ኦስሞኮት የሚባለው በባሕር ሣር ምርምር ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነው። በአንድ ቡቃያ ዙሪያ ሁለት ሦስት ፍሬ በጣት 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች መግፋት ይበቃል። ደለሉ ላይ አትበትኑት፤ ወደ ውሃው ከሟሟ የሚያበላው አልጌውን ነው፣ ከላይ የጠቀስኩትንም የአሞኒየም መርዝ ያመጣል።

የጓሮ አፈር፣ ኮምፖስትና ፍግ በማንኛውም መጠን አይግቡ። ምክንያቱ ከላይ ስለ ሰልፌት ያልኩት ነው።

በእጃችሁ ያለውን ለማወቅ

ሻጩ የሚለው ሁሉ ልክ አይሆንም። አቼቶ ጠብ አድርጉበት፦ ከፈላና ከተንተከተከ ካርቦኔት አለው፤ ዝም ካለ ኳርትዝ ነው። የደቃቁን ልክ ለማወቅ ደግሞ ቀጥ ያለ የመስታወት ዕቃ አንድ ሦስተኛውን በደለል ሙሉና የቧንቧ ውሃ ከአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጋር ጨምሩበት፤ ከድናችሁ በኃይል ወዝውዙት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ደቂቃ ወርዶ መሬት የያዘው አሸዋ ነው፤ ከጎን በእስክሪብቶ መስመር አስምሩበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ በላዩ የሚያርፈው ለስላሳ ሽፋን ደቃቁ ደለል ነው። በማግስቱም ውሃው ደፍርሶ ካገኛችሁት ሸክላ አለበት። ደለሉ ከባሕር የመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ጨዉን በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ጨው ሸክላውን እያያያዘ ቶሎ ስለሚያወርደው መስመራችሁ ይሳሳታል። ከአሸዋው መስመር በላይ ያለው ከጠቅላላው ሩብ ካለፈ አሸዋ ጨምሩበት።

ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው የበሰበሰውን ቁስ በትክክል መለካት ይችላል፦ ናሙናውን በ105 ዲግሪ አድርቆ መመዘን፣ በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥሎ እንደገና መመዘን። የጎደለው ክብደት የተቃጠለው ቁስ ነው።

ጥልቀት፣ ክብደትና ተከላ

ለሃሎፊላ 5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ለሃሎዱሌ እስከ 10፤ ለዞስተራ ከ10 እስከ 15፤ ለታላሲያ ቢያንስ 20 ይሁን። ከሚያስፈልገው በላይ ማጥለቅ ሥር የማይደርስበት፣ ሰልፋይድ ብቻ የሚመረትበት ምድር ቤት መጨመር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት፦ 60 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት 24 ሊትር ደለል ይወስዳል፤ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 38 ኪሎ ማለት ነው። ኪራይ ቤት ውስጥ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ጠረጴዛውን በዚህ ልክ አስቡ፤ ውሃው ገና አልተጨመረም።

ደለሉን ካነጠፋችሁ በኋላ ሣር ሳትተክሉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውሃው ይዙር። ጭቃ ሲነካካ አሞኒየም ይለቃል፤ ያ አልፎ መመርመሪያው ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ጠብቁ። ስትተክሉ ራይዞሙን አግድም አድርጋችሁ ከ1 እስከ 3 ሴንቲሜትር ቅበሩት፤ ቅጠሉ ከሚወጣበት ነጭ አንገት በላይ ደለል እንዳይወጣ፣ አዲስ ቅጠል የሚፈጠረው እዚያ ነው። የሃሎፊላ የእድገት ጫፍ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጫፉ ላይ ገና ያልተዘረጋ፣ የተጣጠፈ ጥንድ ቅጠል ታያላችሁ። ያ ጫፍ የተሰበረበት ቁራጭ እስኪያገግም ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ስትቀበሉ ጫፉ መኖሩን እዩ፣ ስትተክሉም ባዶ ቦታ ወዳለበት አቅጣጫ አዙሩት። እንዳይንሳፈፍ ከቀርከሃ ስንጥር በተጣጠፈ ማያያዣ ይዙት፤ መዳብ ያለበት ሽቦ አትጠቀሙ።

መወሰን ላቃተው

ገንዳውን በሙሉ በአንድ ደለል መሙላት ግዴታ አይደለም። ሦስት ዝርግ የፕላስቲክ ሳጥኖች ውሰዱ፤ አንዱን በንጹህ አሸዋ፣ አንዱን በቅልቅል፣ አንዱን ጭቃ ከታች ሆኖ ሁለት ሴንቲሜትር አሸዋ በለበሰ ደለል ሙሉ። በአንድ ገንዳ፣ ከአንድ መብራት ሥር፣ ውሃው እኩል በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡና እኩል ቡቃያ ትከሉ። ውሃውና መብራቱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የደለሉ ነው። የተበላሸው ሳጥን ተነስቶ ይወጣል፤ ሌሎቹ አይነኩም።

እድገቱን በዓይን ግምት አትፍረዱ። ለዞስተራና ለታላሲያ ከቅጠሎቹ ሥር፣ ከሽፋኑ አንገት ላይ በቀጭን መርፌ ሁሉንም ቅጠል አንድ ጊዜ ውጉ። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፦ አሮጌው ውጫዊ ቅጠል ላይ ቀዳዳው ባለበት ነው፤ ለጋው ውስጠኛ ቅጠል ላይ ግን ቀዳዳው ወደ ላይ ሄዷል። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በሳምንት ውስጥ ያደገው ልክ ነው፤ ለሰባት ስታካፍሉት የቀን እድገት ይሆናል። ለሃሎፊላ መርፌው አይሠራም። ከእድገት ጫፉ ቀጥሎ ባለው አንጓ ላይ የላላ ክር እሰሩና ከክሩ ወዲያ የወጡትን አዲስ የቅጠል ጥንዶች ቁጠሩ። በየሳምንቱ ይህን ያደረገ ሰው ጭቃው በመጀመሪያው ወር ሲቀድም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅልቅሉ ሲደርስበት ለራሱ ያያል፤ ወይም በእሱ ውሃ ሌላ ውጤት አግኝቶ በእሱ ይሄዳል።

በደንብ ሲያድግ የነበረ ሣር ድንገት ከሥሩ እየላላ ከወጣ፣ ሥሩም ነጭ መሆኑን ትቶ ጠቁሮ ሲዳሰስ የሚሟሽሽ ከሆነ ደለሉ መርዟል። የምትችሉት ሌሊት የአየር ፓምፕ መጨመር፣ የሞቱ ቅጠሎችን መልቀም፣ የሙቀቱን ልክ ማውረድ ነው። ደለሉን መቆፈርና ማገላበጥ በውስጡ የተጠራቀመውን ሰልፋይድ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ይለቃል፤ ሣሩ በሕይወት እያለ አታድርጉት። ጤነኛ ጫፎችን ቆርጣችሁ ወደ ንጹህ አሸዋ ሳጥን አዛውሩ፤ ያ ከሌላው ሁሉ የተሻለ እድል አለው።

የተጣለ ደለልና የተከረከመ ሣር ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ወንዝ አይግባ። ሃሎፊላ ስቲፑላሴያ በ1869 የስዊዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ገብቷል፤ በ2002 ደግሞ በካሪቢያን ግሬናዳ ታይቶ ከደሴት ወደ ደሴት ተዛምቷል፤ ለዚህም የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ትበቃዋለች። ደለሉን ፕላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እስኪነጣ አድርቁት፣ ከዚያ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱት። የገንዳውን ውሃ ወደ ጎዳና የጎርፍ ቦይ ሳይሆን ወደ ቤት ፍሳሽ መስመር ድፉት።